ከክረምት የንባብ ዕቅድ ስለ መውጣት

በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ፈተናው አልቆ ሻንጣ መታሰር ሲጀምር በየመኝታ ክፍላችን አንድ ዓይነት ወረቀት ይጻፋል። ርእሱ «በክረምት የማነባቸው መጻሕፍት» የሚል ነው። ጸሐፊው መጻሕፍቱን በተራ ቍጥር ይደረድራል፤ ከርእሱ ሥር ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል፤ አጣጥፎም በሻንጣው ክዳን ውስጥ ያስቀምጠዋል። በመስከረም ስንመለስ ግን ያን ወረቀት የሚያነሣው የለም። «ክረምት እንዴት ነበር?» ስንባባል ስለ ዝናሙና ስለ ጭቃው፣ ስለ ዘመድ ወዳጅ፣ ስለ በቆሎው እሸት እናወራለን። ስለ ዝርዝሩ የሚጠይቅ ቢገኝ እንደ ነገረኛ ይቈጠራል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ከዝርዝሩ ወጥተው የከረሙ ናቸውና።

እኔም በዩኒቨርሲቲ በቈየሁባቸው ዓመታት ሦስት ክረምት ሦስት ዝርዝር ሠርቼ አንዱንም እንደ ጻፍሁት አልፈጸምሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ጥፋቱን እንደሚያውቅ ሰው እንጂ እንደ መካሪ አይደለም። ሦስቱን ክረምቶች መለስ ብዬ ስመለከታቸው አወጣጤ አንድ ዓይነት እንዳልነበረ አያለሁ። የመጀመሪያው ባልንጀሮቼን ጐዳ። ሁለተኛው አልጐዳም፣ አልጠቀመም። ሦስተኛው ዛሬ ለመመረቂያ የምጽፈውን ጥናት ሰጠኝ። ከዕቅድ መውጣት ሁሉ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ ንባብ እንደ ነፋስ ነፃ ይሁን የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንዱን መውጣት ከሌላው ሳይለዩ ስለሚናገሩ ብዙ አይረዱንም። ልዩነቱ የት እንደ ሆነ ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

1ኛ. ዝርዝሩ ከመጻፉ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 65 ቀን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዝርዝሬ 12 መጻሕፍት ነበሩበት። ትልቁን ከትንሹ አማክለን እያንዳንዱን 300 ገጽ ብንለው ጠቅላላው 3,600 ገጽ ይሆናል፤ ለ65 ቀን ሲካፈልም በቀን 55 ገጽ ያህል ይደርሳል። «ይቺማ ምን አላት!» ብለን ወረቀቱን እናጥፋለን።

አሁን ግን ቀኖቹን እንመርምራቸው። እሑድና በዓል አለ፤ የመንገድ ቀን አለ፤ እንግዳ የሚመጣበትና ለቅሶ የሚደረስበት ቀን አለ። የገበሬ ልጅ የሆነ ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወራት መሆናቸውን አይረሳም። የከተማ ልጅ የሆነም ሱቅ ይጠብቃል፣ ታናናሾቹን ያስጠናል፣ ወይም ለመጪው ዓመት የደብተርና የልብስ መግዣ የሚሆን ሥራ ይፈልጋል። እኅቶቻችን ደግሞ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የማጀቱ ሥራ ይቀበላቸዋል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ በእውነት ለንባብ የሚተርፈው ቀን 40 ቢሆን ነው።

ቀጥሎም የገጹን ፍጥነት እንመልከት። የኢኮኖሚክስ ወይም የሕግ ወይም የፊዚክስ መጽሐፍ ማስታወሻ እየያዙ ሲያነቡት በሰዓት ከ20 ገጽ በላይ አይራመድም። እንግዲህ 3,600 ገጽ 180 ሰዓት ይፈልጋል፤ ለ40 ቀን ሲካፈል በየቀኑ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከላይ በተነገረው ኑሮ ውስጥ በቀን 2 ሰዓት ያገኘ ተማሪ ዕድለኛ ነው። በቀን 2 ሰዓት በ40 ቀን 80 ሰዓት ነው፤ 80 ሰዓትም 1,600 ገጽ፣ ማለት ከ5 መጻሕፍት ጥቂት የሚበልጥ ነው።

ስለዚህ የ12 መጻሕፍት ዝርዝር የሠራ ተማሪ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት ከዕቅዱ ወጥቷል። ጕዳቱም ቍጥሩ አለመሙላቱ ብቻ አይደለም። የማይቻል ዕቅድ ለሰው ሰበብ ይሆነዋል። «መቼም አይሞላም» ያለ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ቢተውም አሥር ቢተውም እኩል ይመስለዋል፤ በመጨረሻም የሚቻለውን አምስቱን እንኳ ሳያነብ ይመለሳል። «ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእኛ ዝርዝር የተነገረ ይመስላል።

2ኛ. ዕዳ ያለበት ዝርዝር

የመጀመሪያውን ክረምት ታሪክ ባልናገረው ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በአንድ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ነበርን። በሁለተኛው ዓመት የሚጠብቀንን የስታቲስቲክስ ትምህርት ሁላችንም ፈርተነው ነበርና ገንዘብ አዋጥተን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አራት መጻሕፍት ገዛን። እያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ ወስደን አንብበን፣ ለአራታችን የሚሆን ማስታወሻ ጽፈን በመስከረም ልንገናኝ ተማማልን። ከአራቱ ወፍራሙና የተሠሩ መልመጃዎች ያሉበት የስታቲስቲክሱ መጽሐፍ ነበር። «በእናንተ ቤት መብራት አለ» ተብሎ እርሱ ለእኔ ተሰጠኝ።

መጽሐፉን ሦስት ቀን ገለጥሁት። አንደኛው ምዕራፍ ቀላል ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ፕሮባቢሊቲ፣ ማለት አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ስለሚሰላበት መንገድ ይናገራል። እዚያ ሰባተኛው መልመጃ ላይ ደረስሁና ቆምሁ። ማታ ሞከርሁት፣ አልሆነም። በማግሥቱ ሞከርሁት፣ አልሆነም። በአራተኛው ቀን አጎቴ ቤት ሄጄ በአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ልብ ወለድ አገኘሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ አሥራ አንዱን አነበብሁ።

ልብ ወለድ ማንበብ ነውር ነው አልልም። ልብ ወለድ አንብቦ የአገሩን ሰው ጠባይ የተማረ፣ ቋንቋውን ያቀና ብዙ ነው። እኔ ግን ያነበብሁት እንደዚያ አይደለም። ከአሥራ አንዱ መካከል ዛሬ የባለ ታሪኩን ስም የማስታውሰው አንድም የለም። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን የማነሣው፣ በመካከሉ ባዶ ጊዜ ከተገኘ ያ መጽሐፍ ትዝ ስለሚለኝ ነበር።

በመስከረም ተገናኘን። ከአራታችን አንዱ፣ በኩራዝ የሚያጠናው ባልንጀራችን፣ የድርሻውን መጽሐፍ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሙሉ ደብተር አድርጎ ጽፎ አልጋው ላይ አኖረልንና «ያንተስ?» አለኝ። «ደብተሬን ቤት ረሳሁት፤ በመንገደኛ ይላክልኛል» አልሁት። መንገደኛው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ባልንጀራዬ መጠየቁን ተወ። በዚያ መንፈቅ ከአራታችን ሁለታችን በስታቲስቲክስ ወደቅን፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሌላው የወደቀው ግን የእኔን ማስታወሻ ተማምኖ የቈየው ነው። ባለ ኩራዙ ባልንጀራዬም ነገሩን ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ያኔ መጽሐፉን ለእኔ ብትሰጠኝ ኖሮ አነበው ነበር» አለኝ።

ከዚህ የተማርሁትን በሁለት እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው፣ ከዝርዝራችን ውስጥ አንዳንዱ መጽሐፍ የራሳችን ብቻ አለመሆኑ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው፣ በመዋጮ የተገዛው፣ ለሌላ ልናስረዳው ቃል የገባንበት መጽሐፍ በሻንጣችን ታሽጎ ሲከርም ሌላ ሰው አጥቶት ይከርማል። እኔ በራሴ ጊዜ ከመንገድ ብወጣ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉን ይዤ ስወጣ ግን ሦስት ሰዎች አስወጣሁ። ሁለተኛው፣ ከዝርዝሩ ያወጣኝ የልብ ወለዱ ጣዕም አለመሆኑ ነው። ያወጣኝ ሰባተኛው መልመጃ ነው። ልብ ወለዱ መደበቂያ ነበር።

3ኛ. ሽሽትና ፍለጋ

ስለዚህ ከዝርዝር መውጣትን በሁለት ስም ብንጠራው ይጠቅመናል፤ አንዱን ሽሽት፣ ሌላውን ፍለጋ እንበለው። ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ሁለቱ አይለዩም። ሁለቱም ዘንድ አንድ መጽሐፍ ተዘግቷል፤ ሌላ መጽሐፍ ተከፍቷል። ምልክቶቻቸው ግን የሚከተሉት ናቸው።

ሽሽት የሚጀምረው በከበደን ገጽ ላይ ነው። ፍለጋ የሚጀምረው ባነቃን ገጽ ላይ ነው። የሚሸሽ ሰው «ለምን ተውኸው?» ቢባል «ሰለቸኝ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም፤ የሚፈልግ ሰው ግን ያስነሣውን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊናገር ይችላል። የሚሸሽ ይደብቃል፣ እንደ እኔም መንገደኛ ይፈጥራል፤ የሚፈልግ ላገኘው ሁሉ ይናገራል፣ አንዳንዴም እስኪሰለች ድረስ። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን መመለስ ነው። የሸሸ ሰው ወደ ተወው ገጽ አይመለስም። የፈለገ ሰው ወደዚያው ገጽ ተመልሶ ቀድሞ ያላየውን ያያል።

ከሁለቱ ውጭ ዕረፍትም አለ። ሁለተኛው ክረምቴ እንዲህ ነበር። አራት መጻሕፍት ጻፍሁ፤ ሁለቱን አነበብሁ፤ የቀረውን ጊዜ ከአባቴ ጋር በሱቅ ስሠራና ከወንድሞቼ ጋር ስጫወት አሳለፍሁት። ማንንም አልጐዳሁም፤ ያመጣሁትም ነገር የለም። የደከመ አእምሮ ማረፍ ይገባዋልና በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን ዕረፍትን ዕረፍት ብለን በዕቅዱ ላይ ብንጽፈው ይሻላል፤ ተደብቆ ሲመጣ ሽሽትን ይመስላልና።

በዚህ ዘመን ደግሞ ለሽሽት አልጋ ሥር መግባት አያስፈልግም፤ መደበቂያው በኪሳችን ነው። ስልካችንን አንሥተን «አንዲት ቃል ትርጕሟን ልይ» ብለን እንገባለን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ቃሏን ረስተን እንወጣለን። እኔ ስልኬን የምመዝነው በዚያው ሚዛን ነው። የገባሁበትን ጥያቄ ይዤ ከወጣሁ ፍለጋ ነበር፤ ጥያቄው እዚያው ከቀረ ሽሽት ነበር።

4ኛ. አንድ ምሳሌ፤ ከገብረ ሕይወት እስከ ጃፓን

ሦስተኛውን ክረምት ያሳለፍሁት አዲስ አበባ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመሄድ ዕድል ነበረኝ። በዚህ ጊዜ ዝርዝሬ አምስት መጻሕፍት ብቻ ነበር። አንደኛው ለባለ ኩራዙ ባልንጀራዬ ማስታወሻ ልጽፍለት ቃል የገባሁበት የትምህርት መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነበር።

ገብረ ሕይወት በአውሮፓ ተምረው የተመለሱ፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነት ዕድሜ ሞቱ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ሥራና ስለ ሀብት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ጉምሩክ ይናገራል። ዋናው አሳቡ ሲጠቃለል፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል፤ ስለዚህ የሀብት ሁሉ መሠረት ዕውቀት ነው የሚል ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆንሁ እኔ ይህን በሌላ አገር ሊቃውንት መጽሐፍ እፈልገው ነበርና በራሴ ቋንቋ ሳገኘው ደነቀኝ።

ገብረ ሕይወት ጃፓንን ለኢትዮጵያ አርአያ አድርገው ካነሡት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ከዚህ ላይ ቆምሁና በደብተሬ ጀርባ አንድ ጥያቄ ጻፍሁ፤ «ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ኢጣሊያን አሸነፈች፤ ጃፓን በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ሩሲያን አሸነፈች፤ ከድሉ በኋላ የሁለቱ መንገድ ስለ ምን ተለያየ?» በዚህም ጥያቄ ከዝርዝሬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የተገናኘሁት ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ነው። እርሳቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ነበርና ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጽፈው በዚያው ዓመት አሳተሙት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ወጥቶ ነበር። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ዋናው ምሳሌያቸው ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ያወጣችው ሕገ መንግሥት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሕጎች ጐን ለጐን አድርጌ አየሁ። ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የሰጡት ሕግ ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ምክር ቤቶች አቋቁመዋል። ነገር ግን በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባሎች በምርጫ የሚገቡ ነበሩ። መራጩ ግብር የሚከፍለው ብቻ ስለ ነበረ በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ በሩ ተከፍቶ ነበር። በእኛ ሕግ ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጧቸው ተወሰነ። የትምህርቱ ነገርም እንዲሁ ነው። በጃፓን የአፄ ሜይጂ መንግሥት የቆመው በ1860 ዓ.ም. ሲሆን አራት ዓመት ቈይቶ፣ በ1864 ዓ.ም.፣ ትምህርትን ለሕዝብ ሁሉ የሚያዳርስ ዐዋጅ ወጣ። በእኛ አገር የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ ዐዋጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ከተክለ ሐዋርያትም ወዲህና ወዲያ ሄድሁ። እኚህ በሩሲያ የተማሩ ሰው «ፋቡላ» የተባለውን፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ቴአትር የጻፉ መሆናቸውን አወቅሁ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ፤ ባለ ታሪኩ በፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰ ወጣት ነው። አባት በሕግ የሞከረውን ልጅ በልብ ወለድ ሲያነሣው እንደማየት ነው። በመጨረሻም የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አነበብሁ፤ ይህም በ1946 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ ጊዜ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሆኗት ነበር፤ ጥያቄው ግን ለኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ገና አልሞተም ነበር።

ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ወደ ገብረ ሕይወት ተመለስሁ፤ የተውሁትንም ምዕራፍ እንደ አዲስ አነበብሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ሁሉም ወደ አንድ አገር ተመልክተዋል፤ የወሰዱት ግን ልዩ ልዩ ነው። ገብረ ሕይወት ከጃፓን ያዩት ዕውቀትና ሥራን ነው፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የወሰደው የመንግሥቱን ቅርጽ ነው። ቅርጹ መጣ፤ ገብረ ሕይወት መሠረት ያሉት ትምህርት ግን በዚያው ልክ አልመጣም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ለመመረቂያ በምጽፈው ጥናት ላይ አስተማሪዎቼ ይፈርዱበታል። በኋላም የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ እነዚህ የጃፓንን ፈለግ ስለ መረጡ ምሁራን በሰፊው የጻፉ መሆናቸውን ሳውቅ የረገጥሁት መንገድ ቀድሞ የተጠረገ መሆኑን ተረዳሁ። ቅር አላለኝም፤ መንገዱ የተጠረገ ከሆነ የሚያደርስ ነው ማለት ነውና።

ሒሳቡንም ልናገር። ከአምስቱ መጻሕፍት ሦስቱን ፈጸምሁ፤ ሁለቱ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ በመጀመሪያው መንፈቅ አስቸግሮኛል፤ ፍለጋም ዋጋ አለው። ነገር ግን ለባልንጀራዬ የሚገባውን ማስታወሻ ጃፓን ሳልገባ አስቀድሜ ጽፌ በሐምሌ 20 ቀን በመንገደኛ ላክሁለት። በዚህ ጊዜ መንገደኛው ደረሰ።

5ኛ. የጥንቱ ተማሪ

ዕቅድና መንከራተት አብረው መኖር እንደሚችሉ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ፊደል ያልለየ ንባብ አይገባም፤ ዳዊት ያልደገመ ወደ ቅኔ አይሻገርም። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ ቅኔ ሲገባ አኵፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ ይዞራል። አንዱን መምህር ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን ስሙን ለውጦ አይሄድም። አዲሱ መምህር ከማን እንደ ተማረና እስከ የት እንደ ደረሰ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ይናገራል። መዞሩ ትምህርት የሆነለት የተነሣበትን ስለሚያውቅና የደረሰበትን ስለሚናገር ነው። እኛም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስንሄድ ይህንኑ ብንጠየቅ ምን እንደምንመልስ እናስብ።

6ኛ. በተግባር

ከላይ ከተነገረው ሁሉ አምስት ነገሮች ለይቼ አቀርባለሁ።

ሀ) ዝርዝሩን በመጽሐፍ ቍጥር ሳይሆን በሰዓት እንሥራው። ካገኘነው ሰዓት ሲሶውን ባዶ እንተወው። ፍለጋም ዕረፍትም የሚገቡት በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ለ) በዝርዝሩ ላይ ለሌላ ሰው ዕዳ ያለበትን መጽሐፍ ምልክት አድርገን ከሁሉ አስቀድመን እናንብበው። ማንበብ ካልቻልን መጽሐፉን ለሚያነበው እንስጥ።

ሐ) ከዝርዝሩ ስንወጣ በደብተራችን ጀርባ ሦስት ነገር እንጻፍ፤ የትኛውን መጽሐፍ በስንተኛው ገጽ እንደ ተውን፣ ያስነሣንን ጥያቄ፣ የምንመለስበትን ቀን። ጥያቄውን መጻፍ ካቃተን የምንሄደው ወደ መደበቂያ ነውና እንቁም።

መ) የከበደንን ገጽ በሦስት ልዩ ልዩ ቀን እንሞክረው። ከዚያ ካልሆነ ችግሩን ጽፈን መጽሐፉን ሳንዘጋ ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ፤ በመስከረምም እንጠይቅ። እኔ ያን ሰባተኛ መልመጃ በኋላ ያ ባለ ኩራዝ ባልንጀራዬ አሳየኝ። የፈጀው ሩብ ሰዓት ነው። ለሩብ ሰዓት ጥያቄ አንድ ክረምት ከፈልሁ፤ ሌላውም ባልንጀራዬ አንድ ትምህርት ደገመ።

ሠ) ያላነበብነውን «አላነበብሁም» እንበል። ይህ ከአምስቱ ትንሹ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከባዱ እርሱ ነበር። በመስከረም የመጀመሪያ ቀን «አላነበብሁም፤ መጽሐፉ ይኸው» ብዬ ብናገር ኖሮ ከፈተናው በፊት ብዙ ሳምንታት ነበሩን፤ መጽሐፉንም ተካፍለን እናነበው ነበር። ውሸቴ ከስንፍናዬ ይልቅ ጐዳ።

በመጨረሻም ለየክፍሉ የጥናት ጓደኞች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በመስከረም ስንገናኝ «ስንት መጽሐፍ አነበብህ?» መባባልን ትተን «ከየት ላይ ወጣህ? ምን ይዘህ ተመለስህ?» ብንባባል ብዙ የሚነገር ነገር ይኖረናል። የሸሸውም ሳያፍር የከበደውን ገጽ ያሳያል፤ የፈለገውም ያገኘውን ያካፍላል። የከበደን ገጽ በአራት ዓይን ሲታይ ብዙ ጊዜ የሩብ ሰዓት ነገር ነው።

የአሁኑ ክረምት ከመግባቱ በፊት ዝርዝራችሁን አውጥታችሁ ሒሳቡን ሥሩበት። የሰው መጽሐፍ በእጃችሁ ካለም ከሻንጣው በላይ አድርጉት። መልካም ክረምት።